የምህረቴ ስድስት ጥርሶች

ቆሰበር ከተማ ውስጥ ምህረቴን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ቢራ አይቀምስም። ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለችው ጠባብ ግሮሰሪዋ ውስጥ መክፈቻ የሚባል ዕቃ ኖሮ አያውቅም። ጠርሙሱን ወደ አፏ ታስጠጋና ቆርኪውን በጥርሷ ነቅላ ትፍ ትላለች፤ ከዚያ ትስቃለች። ሳቋ መንገዱን ተሻግሮ ባጃጅ ሾፌሮቹ ዘንድ ይደርሳል። አንድ ቀን አንዱ የፊት ጥርሷ ጫፉ ተሸረፈ። እሷ ግን ጠርሙሱን በሌላው በኩል መክፈት ጀመረች እንጂ መክፈቻ አልገዛችም። ቁጭ ማለት የማትወድ ሴት ናት። ባሏን ቀብራ አንዲት ልጇን ፀደይን ያሳደገችው ቆማ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አስማረ የሚባል የዳንግላ ልጅ ፀደይን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። ነገሩ ባማረ ሁኔታ አለቀ። የልጁ እናት ወይዘሮ እህተማርያምም አብረው መጥተው ነበር፤ ዝምተኛ፣ ነጠላቸው የማይዛነፍ፣ ሲቀመጡ ወንበሩ እንኳ ሲጥ የማይልባቸው ሴት ናቸው። ሊሄዱ ሲነሡ አስማረ ሁለቱን እናቶች ጎን ለጎን አቁሞ በስልኩ ፎቶ አነሣቸው። ማታ ፀደይ ፎቶውን ስታሳያት ምህረቴ ፊቷ ተለዋወጠ። እህተማርያም ከንፈራቸውን ገጥመው ፈገግ ብለዋል። እሷ አፏን በርግዳ ትስቃለች፤ ያቺ ሸራፋ ጥርስ ደግሞ መሀል ላይ ቁጭ ብላለች።

ማንም ምንም አላላትም። የባሰባት ይኸው ነው፤ ቢሏት ኖሮ መልስ ታውቅበት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምላሷ ከዚያች ጥርስ ላይ አልነሣ አለ። ደንበኛ እያስተናገደች ትነካታለች፣ ሒሳብ እየተቀበለች ትነካታለች፣ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ሳይቀር ትነካታለች።

ወዳጇ አሲያ የዳንግላ ነጋዴ ናት፤ ዱባይ እየተመላለሰች ልብስ ታመጣለች። ጉዱን ያወራችው ለእሷ ብቻ ነው።

«ለዚህ ነው እንዴ የምትብሰለሰይው?» አለች አሲያ። «ከእኔ ጋር ነይ። እኔ ሻንጣዬን እስክሞላ ጥርስሽ አልቆ ይጠብቀኛል።»

«ባሕር ዳርስ ሐኪም አለ አይደል?»

«አለ። የቆሰበርም ሰው ባሕር ዳር አለ።»

ይህች ቃል በቃቻት። ባሕር ዳር ብትሄድ እሷ ሳትመለስ ወሬው እንደሚቀድማት ምህረቴ አሳምራ ታውቃለች። ዱባይ ግን ማን ያያታል? ለሰው ሁሉ የሰርግ ልብስ ልገዛ ነው ብላ በኅዳር አሲያን ተከትላ በረረች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

የዱባዩ ሐኪም ሰው አክባሪ፣ ክፍሉም እንደ መስተዋት የጠራ ነበር። ከንፈሯን ገልጦ ድዷን ሲያይ ግን ክው አለ። ድዷ ጥቁር ነው። ምህረቴ ልጅ ሳለች ዘንገና አጠገብ ባለው መንደሯ፣ እንደ እኩዮቿ ሁሉ፣ በእሾህና በጥላሸት ድዷን ተነቅሳለች፤ ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ።

«ጌጥ ነው በይው» አለች አሲያን።

አሲያ በገበያ አረብኛዋ ነገረችው። እሱም አንዲቷን ብቻ መሥራት እንደማያምር፣ ቀለሟ ከጎረቤቶቿ እንደማይገጥም አስረዳ። ስለዚህ ስድስቱንም የላይ የፊት ጥርሶች ሞርዶ፣ በላያቸው እንደ አጥር የተያያዘ አንድ ወጥ ነጭ ጥርስ ያለብሳቸዋል።

«አምስቱ ጤነኞች ናቸው እኮ» አለች ምህረቴ። አሲያ ይህን ትተርጉም አትተርጉም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሐኪሙ መጀመሪያ ጊዜያዊ ጥርስ አልብሷት ድዱ እንዴት እንደሚቀበለው ለማየት ጥቂት ሰንብታ ብትመለስ ይሻል ነበር አለ። አሲያ አውሮፕላናችን አይጠብቀንም አለችው። እሱም እሺ አለ። አንድ «እሺ» ከሐኪሙ፣ አንድ ከአሲያ፣ አንድ ከምህረቴ፤ በሦስት እሺ ስድስት ጥርስ ተሞረደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት አበው እንዲህ ያለውን አይተው መሆን አለበት።

መጀመሪያ ላይ ከመስተዋት ፊት የሚያነሣት ጠፋ። «አሳጠብሁት» አለች ለጠየቃት ሁሉ፤ ሰውም አመናት። ከዚያ የቆሰበር ብርድ ገባ። ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ሕመሙ እስከ ዐይኗ ይወጋት ጀመር። ቀጥሎ ሙቁም አስጠላት። በመንጋጋዋ ማኘክ ያዘች፤ ወዲያው ያም ቀረና ኑሮዋ በአጥሚት ሆነ። ፋርማሲ ሄዳ አፏን ብትከፍት ባለሙያው አየት አደረገና ድድሽ ደህና ይመስላል ብሎ የሕመም ማስታገሻ ሰጣት። አሲያ ወደ ዱባይ ደወለች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ ይዘሻት ነይ።

«ዱባይን የጫግኒ ገበያ አደረጉት እንዴ?» አለች ምህረቴ፤ ልትስቅ አስባ ከንፈሯን መልሳ ገጠመች።

በመጨረሻ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ባሕር ዳር ሄደች። እዚያ ያለው የጥርስ ሐኪም በብርሃን አይቶ ድዷን በጣቱ ጫን ሲያደርገው መግል ወጣ። «ያበጠ ድድ ይቀላል። ያንቺን ግን ንቅሳቱ ሸፍኖታል፤ ላይ ላዩን የሚያይ ሰው አይታወቀውም» አላት። «ይህ ነገር አሁኑኑ መነሣት አለበት። በቆየሽ ቁጥር ሥሩም ይሄዳል።»

«ከሰርጉ በኋላ» አለች።

ገሠጻት፣ መድኃኒት ሰጣት፣ እሷ ግን ሄደች። በልጇ ሰርግ ላይ ያለ ጥርስ ልትቆም? በጭራሽ!

የገና ጾም ለጊዜው ሸፈናት። «ጾም ላይ ነኝ» ሲባል ማን ይጠይቃል? ጾሙ ሲፈታ ግን እህተማርያም ለገና በዓል ዳንግላ ድረስ ጠሯት። ስእለት አለብኝ ብላ ቀረች። ደግመው ጠሩ፤ ደግማ ቀረች። ከጥምቀት በኋላ በሰርጉ ዕለት ሲገናኙ እንኳ ከንፈሯን ገጥማ በአንገቷ ብቻ ሰላም አለቻቸው። በበነጋው ወሬው በፀደይ በኩል መጣ።

«እማ፣ ምን በድለውሽ ነው?» አለች ልጅቱ በስልክ እያለቀሰች። «ሽማግሌ ሲመጣ እንዲያ ስትስቂ አይተውሽ አሁን ናቀችን እያሉ ነው። ቤታቸውን አልረገጥሽ፣ እንጀራቸውን አልቆረስሽ። እኔን ጥርስ ውስጥ አስገብተሽ ልትተይኝ ነው?»

ምህረቴ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ግን ምን ትበል? በፎቶ አፍሬ፣ ዋሽቼ ሄጄ፣ ደህናውን ጥርስ አስሞርጄ መጣሁ? «ለቅልቅሉ እመጣለሁ» ብቻ አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት እሷ ራሷ ለስንት ሰው ተርታ ነበር።

የሁለቱ ቤተሰብ የቅልቅል ግብዣ ዳንግላ፣ እህተማርያም ቤት ነበር። ምህረቴ ሚኒባሱ ውስጥ አንዴ መስኮት ትከፍታለች፣ አንዴ ትዘጋለች፣ አንዴ የነጠላዋን ጫፍ ትፈትላለች። ደርሳ ሳሎኑ ውስጥ እግሯን ስታስገባ ግድግዳው ላይ ያየችው ነገር ቀጥ አድርጎ አቆማት። ያ ፎቶ! አሳድገውት፣ በወርቃማ ፍሬም አድርገው፣ ከሥዕለ ማርያም ትይዩ ሰቅለውታል። ሸራፋዋ ጥርስ አውራ ጣት አክላለች።

ሰቅለው ሲስቁብኝ ከርመዋል፣ አለች በሆዷ። ልትወጣ ነበር፤ የፀደይ ዐይን ያዛት። ተቀመጠች።

ምግብ ቀረበ። እሷ እንጀራውን እየቆረሰች እዚያው ትመልሳለች። እህተማርያም ከማዶ አዩ። ተነሡና ከዶሮው ወጥ ከነእንቁላሉ ጠቅለል አድርገው ፊቷ ቆሙ። የቪዲዮ ቀራጩ መብራት ዞረባቸው።

«ይጉረሱልኝ» አሉ። «በልጆቻችን ሞት።»

ጎረሰች። ሳታኝክ በጉንጯ ይዛ እንደ ምንም ዋጠችው፤ እንባዋ መጣ። ሰው እልል አለ። አበቃ ብላ ተንፈስ ስትል ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጮኹ፤ «አንድማ ያጣላል!»

ሁለተኛው ከፊተኛው ይበልጣል። ከንፈሯን አልፎ ሲገባ የፊት ጥርሷን ገፋው፤ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሕመሙ አናቷን መታት። ያ አጥር ሙሉውን ተነቅሎ ከእንጀራው ጋር ምላሷ ላይ ተኛ። ብትውጠው ይተናነቃታል። ብትተፋው የአማቶቿን ጉርሻ መትፋቷ ነው። መዳፏን ዘረጋች፤ እዚያው፣ በመብራቱ ፊት፣ ሁሉንም ተፋችው።

«ሳቁ!» አለች ብድግ ብላ፤ አፏ ደም ነው። «ሰቅላችሁ ስትስቁብኝ ከርማችሁ የለ? በሉ ይኸው፣ ጨርሳችሁ ሳቁብኝ!»

እህተማርያም ፎቶውን አዩ፣ መዳፏን አዩ፣ የቀሩትን የተሞረዱ ጉቶዎች አዩ። ነገሩ ቀስ እያለ ገባቸው።

«ምን አደረግሽ አንቺ?» አሉ፤ አንቱታው በዚያች ቅጽበት ቀረ። «ይህ ቤት ሳቅ አያውቅም። የአስማረ አባትም እኔም ዝም ብለን ኖርን፤ ልጄም ዝም ብሎ አደገ። አንቺን ያን ቀን ሳይሽ፣ ልጅቱ እንዲህ ያለ ሳቅ ውስጥ ካደገች ቤቴ ሰው ይሆናል ብዬ እኮ ነው የሰቀልሁት። ሲከፋኝ ቀና ብዬ የማየው እሱን ነው።»

ምህረቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አነሣች፤ እህተማርያም ግን እጇን ያዙና አወረዱት፤ በራሳቸው ነጠላ ደሙን ጠረጉላት።

«ነገ ባሕር ዳር አብረን እንወርዳለን» አሉ።

እሺ ለማለት አፏን ብትከፍት ልቅሶ ቀደማት። ለወራት ያልሳቀችው፣ ያልበላችው፣ ከልጇ የተደበቀችው ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። በእንባዋ መሀል ግድግዳውን ቀና ብላ አየች። ፎቶው ውስጥ ለምትስቀዋ ሴት የጎደላት የአንዲት ጥርስ ጫፍ ብቻ ነበር።