የደበላ የጭንብል ከረጢት

ከናዝሬት በባቡር እንድንነሳ የታዘዝነው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ጠላት የመርዝ ጋዝ አለው ስለተባለ ለእያንዳንዳችን የጎማ ጭንብል በጨርቅ ከረጢት ታድሎናል። ያኔ አሥር አለቃ ነበርኩ። ስለ ጋዝ መከላከያ ሁለት ሳምንት ሠልጥኛለሁና ጭንብል መቆጣጠሩ በእኔ ላይ ወደቀ። ጎማው ፊት ያሳክካል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ማንም አይወደውም ነበር፤ እኔም ጭምር።

አዋሽ ላይ ባቡሩ ሲቆም ከረጢት ፈተሽኩ። የሁሩታው ልጅ የደበላ ከረጢት በሶ ሞልቶታል።

«ጭንብሉስ?»

«ጦር ሰፈሩ ቀረ። እናቴ ለላከችው በሶ መያዣ አጣሁ።»

ዕቃ ፉርጎው ውስጥ ትርፍ ጭንብል ነበር። ብናገር ይሰጠዋል፤ ግን መቀጣቱ አይቀርም።

«ጓድ አሥር አለቃ፣ ጋዙ መምጣቱን እንጃ። ረሃቡ ግን መጥቷል» አለና ጭብጥ ሙሉ ዘገነልኝ። ሳቅን። በላሁ። መዝገቡ ላይ «የተሟላ» ብዬ ጻፍኩ።

ከባቡሩ ወርደን ግንባር ላይ አንድ ኮረብታ ያዝን፤ እዚያ ጠላትን አሥር ቀን ጠበቅን። እንቅልፍ የለም። አቧራ በተነሳ ቁጥር እጃችን ወደ ከረጢት ይሄዳል። የደበላን ከረጢት ባየሁ ቁጥር ነገ እናገራለሁ እያልኩ አሳደርኩት።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞርታር ወረደብን። ከዚያ ነጭ ጭስ በነፋስ ወደ ምሽጋችን መጣ። «ጋዝ!» ብዬ ጮህኩ። ሁላችንም አጠለቅን። ደበላ አጠገቤ ነበር። እጁን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ አየኝ።

«ጨርቅ አርጥብ! አፍህን ሸፍን!» አልኩት። ጎማው ድምፄን ዋጠው። ምሽጉን ዘልሎ ጭሱ ወደሌለበት ሮጠ። መትረየስ አገኘው።

ጭሱ በላያችን አለፈ። ጭስ ብቻ ነበር፤ ጠላት እንቅስቃሴውን የሸፈነበት። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ያን ቀን የፈራነው አልደረሰም።

አራት ሰዓት ላይ የሞቱብንን ቆጠርን። በሞርታር ሦስት፣ በጥይት አንድ። ሪፖርቱ ላይ በጋዝ የሞተ ስንት ነው የሚል መስመር አለ። «የለም» ብዬ ፈረምኩ። ያ ፊርማ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሁሩታ ሄጄ የደበላን እናት አገኘኋቸው። ብዙ አልጠየቁኝም።

«ልጄ፣ በሶው ደርሶት ነበር?»

«ደርሶታል፣ እማማ። አብረን በላነው።»

ስለ ጭንብሉ ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። አፌ እምቢ አለኝ። እሳቸው ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ለመንገዴ በሶ ቋጥረው መጡ። ከእጃቸው ተቀበልኩ።