በኮላ የተጣበቀው በር

ሱሉልታ ያለው የግቢዬ በር ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ሳስብ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ልጄ አስካለ ከቤቴ ሳትወጣ ያሳለፍነው የመጨረሻው ክረምት ትዝ ይለኛል።

የጽድ ሳንቃ ገዝቼ አናጢውን ኦቦ ዲንቃን አስጠራኋቸው። ከተማ ያየሁት ቁም ሳጥን ምስማር አልነበረበትምና በሩም እንደዚያው በኮላ እንዲያያዝ ፈለግሁ።

«ይሄ ኮላ ከቆዳ የተቀቀለ ነው፤ ዝናብ ሲያገኘው ይሟሟል» አሉኝ። «የደጅ በር ከሆነ የአንዱን እንጨት ጫፍ ጠርበህ በሌላው ቀዳዳ ትሰካዋለህ፤ ከዚያ በእንጨት ችንካር ትመታዋለህ።»

«እሱ የድሮ ሥራ ነው። አንቱ ብቻ ኮላውን ቀቡልኝ።»

ቀቡት። በሩ አማረ፤ እኔም ኮራሁ።

ነሐሴ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዝናብ እየመታቸው ደጄ ቆሙ። አስካለን ሊጠይቁ ነው የመጡት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች። እንድትሄድብኝ አልፈለግሁም።

«የምሰጣት ልጅ የለችኝም» አልኩና በሩን በኃይል ዘጋሁባቸው።

የበሩ ጠርዝ እጄ ላይ ቀረ። ሳንቃዎቹ አንድ በአንድ ጭቃው ላይ ተዘረሩ። ከኋላዬ አስካለ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ከኋላ የቆሙት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። ኦቦ ዲንቃ ነበሩ።

«የጠየቅናት ለወንድሜ ልጅ ነው» አሉ። «እሱም አናጢ ነው። በሩን ሰክቶ ይሠራልሃል።»

እንጨቱን እንደያዝኩ «ግቡ» አልኳቸው።