ሱኣሎ ኩርባ የሠራበት መሬት

ሱኣሎ ሯጭ የሆነው ማንም ሳያሠለጥነው ነው። በአገራችን በቱቫሉ ዋና ደሴት በፉናፉቲ ላይ ሰፊ ሜዳ የሚባለው የአውሮፕላን ማረፊያው ብቻ ነው። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ፀሐይ ስትበርድ ወጣቱ እዚያ ኳስ ያንከባልላል፣ ሴቶቹ ነፋስ ይቀበሉበታል። ሱኣሎ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጥበታል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ፊቱን ያዞራል፣ እንደገና ይፈተለካል። ቀድሞት የገባ ሰው አይቼ አላውቅም።

እኔ ጎረቤቱ ፔኒታላ ነኝ፤ ክብደት አንሺ ነበርኩ። ቱቫሉ ወደ ፓሲፊክ ደሴቶች ውድድር ቡድን ስትልክ አብረን ተመረጥንና በመርከብ ወደ ፊጂ ተጓዝን። ሱኣሎን ባሕሩ አጥወለወለው።

«አንተ! የቀዛፊ ልጅ ሆነህ ታስመልሳለህ? አያቶችህን አሰደብካቸው እኮ» አልኩት።

«ዝም በል! መርከቧን የሚያንገዳግዳት ያንተ ሰውነት ነው» አለኝ፣ ፊቱ እንደ አመድ ነጥቶ።

በመክፈቻው ቀን ባንዲራችንን ተከትለን ስታዲየሙ ውስጥ ገባን። እዚያ የተቀመጠው ሕዝብ ካገራችን ሕዝብ ይበልጥ ነበር። የአገራችን ስም ሲጠራ የሱኣሎ መንጋጋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የፈራ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠይቀው «እናቴን እያሰብኩ ነበር» አለኝ።

እኔ ማንሣት የምችለውን አንሥቼ ኋላ ቀረሁ፤ አልቆጨኝም። እሱ አራት መቶ ሜትር ሮጠ። በማጣሪያው ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ ከመቀመጫዬ ዘልዬ ጮህኩ። ወዲያው አንድ ዳኛ ትከሻውን ይዞ ወደ ዳር ወሰደው።

«ተሰርዘሃል። የውስጡን መስመር ረግጠሃል» አለው።

«የቱ ጋ?»

«ኩርባው ላይ ነዋ።»

«እኔ እኮ ኩርባ ሮጬ አላውቅም» አለ ሱኣሎ።

ዳኛው የቀለደ መስሎት ፈገግ አለ። ሱኣሎ ግን የተናገረው እውነቱን ነበር። ያደገበት የአውሮፕላን መንደርደሪያ እንደ ቀስት እንጨት ሳይሆን እንደ ጦር ዘንግ ቀጥ ያለ ነው።

ስንመለስ ሕዝቡ የአበባ ጉንጉን ይዞ ወደቡ ላይ ጠበቀን። በመሰብሰቢያው አዳራሽ የእንጨት ሣጥን እንደ ከበሮ እየተደለቀ ተዘፈነልን። ሱኣሎ አንገቱን እንደደፋ አመሸ። አንዱ ጎልማሳ «ሱኣሎ፣ ዓሣ እንኳ መዞር ያውቃል እኮ!» ብሎ ሲተርበው ሰዉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ጫማውን ሲያጠልቅ አላየሁትም።

አንድ ቀን ረጅም ገመድ ይዞ መጣ። አንዱን ጫፍ እኔ እንድይዝ አደረገና ሌላውን ይዞ ዙሪያዬን ሄደ። ኩርባ ሊለማመድበት ይህን የመሰለ ክብ የሚያርፍበት መሬት መፈለጉ ነው። ደሴታችን ቀጭን ናት፤ በዚህ በኩል ውቅያኖስ፣ በዚያ በኩል ሐይቅ የመሰለው ባሕር። ከማረፊያው ዳር ያለው ወይ ቤት ነው፣ ወይ መቃብር ነው፣ ወይ የሰው ርስት። ገመዱ የሚበቃበት አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ። እዚያ ደግሞ የእናቱ የሌፔካ የፑላካ ጉድጓድ አለ።

ፑላካ ሥሩ የሚበላ ተክል ነው፤ ጨው የሌለበት ውኃ እስኪገኝ ተቆፍሮ እጉድጓዱ ውስጥ ይተከላል። ያን ጉድጓድ የቆፈረው የሌፔካ አባት ነው። ሱኣሎ ሲለምናት እኔም ነበርኩ።

«እማዬ፣ ለሩጫ ነው። ለአገር ነው» አላት።

«አገር ምን ትበላለች?» አለች ሌፔካ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል። «አባቴ ወገቡ የጎበጠው እዚህ ውስጥ ነው። እኔ ሳልሞት ድንጋይ አይሞላበትም።»

ሱኣሎ ዳግመኛ አላነሣባትም።

ከዚያ ዓመት በኋላ ባሕሩ ሲሞላ ጨው ውኃ በዳር ሳይሆን ከመሬቱ ውስጥ እየፈለቀ ይወጣ ጀመር። የፑላካው ቅጠል ቢጫ ሆነ፤ ሥሩም ከሥር በሰበሰ። ሌፔካ የበሰበሰውን ነቅላ አዲስ ተከለች። እሱም በሰበሰ። እንደገና ተከለች። በጀሪካን የዝናብ ውኃ እያመላለሰች ታጠጣው ነበር፤ ሱኣሎም ያግዛታል። ሦስተኛው ተክል ሲሞት ጉድጓዱ ዳር ተቀምጣ አገኘናት። ጣቷን ውኃው ውስጥ ነክራ ቀመሰች፤ ከዚያ ለሱኣሎ ዘረጋችለት። እሱም ቀመሰ።

«ባሕር ነው» አላት።

«ባሕር ነው» አለች። ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ «ሙላው» አለችው። «የጨው ገንዳ ሆኖ ከማየው እግር ይርገጠው።»

እኔ ኮራል የሚባል የተሰባበረ የባሕር ድንጋይ በጋሪ አመጣሁ፤ ጎረቤቱም አገዘ። የመጀመሪያውን እፍኝ የጣለችው ሌፔካ ናት። ጣለችና ፊቷን በሻሿ ሸፍና ቤቷ ገባች። ሱኣሎ አካፋውን ተደግፎ ቆሞ ቀረ፤ ቀሪውን የሞላነው እኛ ነን። መሬቱ ከተደለደለ በኋላ ሱኣሎ ገመዱን ከእንጨት አስሮ ኖራ እየነሰነሰ መስመር አሰመረ። ሙሉ መም አይደለም፤ አንድ ኩርባ ብቻ ነው።

እስከዚያ እሱ ራሱ ለሩጫ ዕድሜው አልፎበት ነበር። የሮጠችበት የእህቱ ልጅ ሎሲቫሌ ናት። ኩርባው ላይ ስትገባ ሰውነቷን ወደ ውስጥ እንድታዘነብል ያስተምራታል፤ ስትስት ይቆጣል።

«አንቺ ልጅ፣ ግድግዳ ልትገጪ ነው እንዴ? ዘንበል በይ!»

«ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ዘንበል ካልኩ እተኛለሁ!»

«ተኚና ተነሺ!»

ሎሲቫሌ ወደ ውድድሩ ስትሄድ ለአሠልጣኝ ቦታ አልነበረም። ሱኣሎ ቀረ። ውጤቱን በሬዲዮ ለመስማት አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን፤ ሌፔካም ተደግፋ መጣች። አንባቢው የአራት መቶ ሜትሩን ስምንት ሯጮች ስም በአገባባቸው ተራ ጠራ። የሎሲቫሌ ስም ሰባተኛ ላይ ተጠራ፤ ሰዓቷም ተነበበ።

 ከሁሉ ቀድማ የተናገረችው ሌፔካ ናት።

«አልሰረዟትም?»

«አልሰረዟትም፣ እማዬ» አለ ሱኣሎ። «ሰዓት ሰጧት። ጨርሳለች።»

ያኔ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ለሰባተኛ እንዲህ የጨፈረ ሕዝብ በሌላ አገር ያለ አይመስለኝም። ሱኣሎ ግን እናቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ፊቱን ጉልበቷ ላይ ደፋ። እሷም ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

ሌፔካ በዚያው ዓመት አረፈች። ለሐዘኑ ድግስ የሚሆን ፑላካ ፉናፉቲ ላይ ጠፍቶ ዘመዶች ከቫይቱፑ ደሴት በመርከብ አመጡ። ሱኣሎ ለእንግዳው ሁሉ አካፍሎ እሱ ሳይቀምስ ዋለ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የስኳር በሽታ ያዘው። እግሩ ላይ የወጣች ቁስል አልድን አለች፤ ፊጂ ወስደው ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሲመለስ ከአውሮፕላኑ ያወረድነው እኔና ሎሲቫሌ ነን። ቤቱ ብዙ ሳምንት ተዘግቶ ከረመ፤ ሰው ሲጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሎሲቫሌ አንድ ቀን ሳታስፈቅደው ወንበር ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ተነሥ። አዲስ ሯጭ አግኝቻለሁ፤ እኔን አትሰማኝም።»

«እግር የሌለው ምን ሊያስተምር?»

«የምፈልገው አፍህን ነው» አለችው።

ተሸክመን ወስደን ከኩርባው ዳር አስቀመጥነው። ልጅቷ ሮጣ ስታልፍ ዝም ብሎ አያት። ሁለተኛ ስታልፍም ዝም አለ። በሦስተኛው ግን ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ «ክርንሽን ሰብስቢ!» ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ደንግጣ ሰበሰበች።