ሰዓታችንን ይዤ ወደ ጊጊሪ

ጠዋት፣ ካሳራኒ

ከቤት የወጣሁት ለጠብ ነው ብል አላጋነንኩም። እዚህ ኬንያ፣ ኢስትሊ ሰፈር ላሉ ሐበሾች የሐኪም ቀጠሮ የሚያስታውስ የስልክ መተግበሪያ ሠርቻለሁ። ወጪውን የሚችለው ጊጊሪ ያለ ድርጅት ግን «የኢትዮጵያን ሰዓት ጨርሰሽ ካላወጣሽው ሥራው ይቋረጣል» ብሎ ጠርቶኛል። ዝናብ ስለጣለ የማታቱ፣ የሚኒባሱ ዋጋ መቶ ሽልንግ ገብቷል። ከፍዬ ተሳፈርኩ።

ኢስትሊ

መንገዴን አጣምሜ እትዬ ብርኽቲ ዘንድ ጎራ አልኩ። አስመራ ተወልደው አማርኛን በልጅነታቸው የተማሩ፣ ሱቅ ያላቸው እናት ናቸው። ድርጅቱ ባለፈው ወር ለሙከራ ብሎ የእኛን ሰዓት ካስጠፋ ወዲህ የተጎዱት እሳቸው ናቸው።

«ስልኩ ዘጠኝ ሰዓት አለኝ፣ በዘጠኝ ሰዓት ሄድኩ» አሉኝ። «የዓይን ሐኪሙ ጠዋት ጠብቆሽ ሄደ አሉኝ። ነገ ደግሞ ቀጥረውኛል። ይህ ዓይን ሌላ ወር አይጠብቅም፣ ልጄ።»

ሳምቡሳ አስጠቅልለው ሰጡኝ። ታክሲ ውስጥ በላሁት፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ጊጊሪ

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ዋንጂሩ የምትባል ትሑት ወጣት ናት። «ሁለት ዓይነት ሰዓት ስህተት ያበዛል» አለችኝ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ ከሥሩ ጀመርኩ። «ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ስድስት የምንቀንሰው ለሰው ስናሳይ ነው።»

«የሚኖሩት ኬንያ ነው። ይልመዱ።»

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። «ማማ፣ ኒታኩጃ ሳ ናኔ» ብላ ዘጋች። በስምንት ሰዓት እመጣለሁ ማለቷ ነው፤ ስዋሂሊም እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። ከፊቷ የተከፈተው የቀን መቁጠሪያ ላይ ግን ያው ቀጠሮ 2:00 PM ተብሎ ተጽፏል።

«እናትሽስ መቼ ነው የሚለምዱት?» አልኳት።

ሳቀች፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች። «ገብቶኛል። የአለቆቼ ውሳኔ ግን አይቀየርም።»

«እንግዲያው ስሜን ከፕሮጀክቱ ሰርዙት። ኮዱን የጻፍኩት ከእናንተ በፊት ነው፤ ይዤው እሄዳለሁ።»

ማታ፣ ካሳራኒ

ወደ ቤት የሚወስደው የቲካ መንገድ ተዘጋግቶ እንደ ቀንድ አውጣ አዘገምን። በዚያ ሁሉ መንገድ አንድም ጊዜ አልጸጸተኝም። «ይልመዱ» የሚሉን ሰዎች ከገዛ እናታቸው ጋር የሚቀጣጠሩበትን ሰዓት እንኳ አልተዉም፤ እኛ የምንተወው ለማን ብለን ነው? ቤት እንደገባሁ ላፕቶፔን ከፍቼ የእኛን ሰዓት መለስኩት።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ብርኽቲ ደወሉ። «አሁን ጠዋት ሦስት ሰዓት ይላል። ልመነው?»

«ይመኑት።»

«ሥራሽስ?»

«ሥራው ቀረ፣ እትዬ። እርስዎ ብቻ ነገ እንዳይቀሩ።»