ጭንቅላቴን ያዋስኩ ዕለት

በዳንግላ ቡዳ የሚል ስም ያወጣችልኝ ጎረቤቴ ደብሬ ናት። ልጇ ስንዱ ራሷን ሲያማት ከርሞ፣ ዓይኗም ጠፍቶ ስትሞት፣ «በላቻት!» ብላ ከለቅሶው አስባረረችኝ። እኔ ስንዱን እንደ ልጄ ነበር የምወዳት።

ከዓመታት በኋላ የስንዱ ወንድም አላምረው ከውጭ አገር ተምሮ መጣ። በደጃቸው ሳልፍ አይቶኝ፣ «እትዬ አትጠገብ፣ ይግቡ እንጂ!» ብሎ ከእንግዶቹ መካከል አስቀመጠኝ። አጠገቤ ያሉት ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ።

ሥራውን ሲጠይቁት፣ «ራስ ውስጥ ያለ ዕጢ የሚያሳይ መሣሪያ እንሠራለን። እኔ ጨረር ሲነካቸው የሚያበሩትን ድንጋዮች እፈትናለሁ» አለ። ለማሳየት ጭንቅላት የሚያውሰው ቢፈልግ ሁሉም ሸሸ።

«የኔን ያዝ፤ አይነክስህም» አልኩት።

መዳፎቹን እንደ ድንጋዮቹ ከራሴ ግራና ቀኝ አቆማቸው። «በሽተኛው ዕጢው ላይ የሚጠራቀም ጨረራማ መድኃኒት ይወጋል። ከዕጢው ጨረር ወዲህና ወዲያ ይወጣል። ሁለቱ ድንጋዮች በአንድ ቅጽበት ካበሩ ዕጢው በመካከላቸው አለ። የእህቴም ራስ ምታትና የዓይኗ መጥፋት የዚህ ዕጢ ምልክት ነበር።»

ደብሬ፣ «ታዲያ ልጄን ማን በላት?» አለች።

«ማንም አልበላትም፣ እማዬ።»

ደብሬ አቀረቀረች። ይቅርታ ከአፏ ከሚወጣ ጥርሷ ቢወልቅ ይቀላታል፤ እኔም አልጠበቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ስንዱ መቃብር ሄድኩና የከለከሉኝን ለቅሶ ብቻዬን አለቀስኩ።