የዌንዴል ማውዘር፣ ቁጥር 117

ኢድሪስ ሽጉጥ ይሰበስባል። ይህን የሰማ ሁሉ ክፉ ክፉውን ያስባል፤ መስጊድ በር ላይ ቆመው «ሰውዬው ምን አስቦ ነው?» የሚሉም አልጠፉም። ምን ያስባል! ያሉት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም መቶ ዓመት ያለፋቸው፣ ማውዘር የሚባሉ የጀርመን ሽጉጦች፣ አንድም ጥይት የሌላቸው። ቀኑን ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ሲሠራ ይውልና፣ ፎረስት ፓርክ ቤቱ ገብቶ፣ መነጽሩን ሰክቶ ቁጥር ያነባል። የዚህ ነገር ጣዕሙ ቁጥሩ ነው። የሽጉጡ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር የወጡት ትንሽ ቁጥር ተመትቶባቸዋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ክብሩ ይበልጣል። ደግሞ ብረቱ አይፈተግም። ስንት ዘመን የሰው እጅ ሲዳብሰው ያበጀው ወዝ፣ ያ ቡናማ ጥላ፣ እሱ ነው የሽጉጡ ዕድሜ። ያን የፋቀ ዕድሜውን ፋቀ።

ይህን ያስተማረው ዌንዴል ነው፤ የፍራንክሊንተን ሰፈር ሰው፣ ጡረታ የወጣ በያጅ። ኢድሪስ ከደሴ ወደ ፈረንጅ አገር በመጣበት ዓመት ጎረቤቱ ነበር። ያኔ ኢድሪስ መጋዘን ውስጥ የንጋት ሽፍት ይሠራል፤ መኪና የለውም፣ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። ዌንዴል አንድ ቀን በበረዶ በእግሩ ሲሄድ አየውና ፒካፑን አቆመ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ ማንም ሳያዘው፣ የራሱ ጉዳይ ሳይኖረው፣ ከእንቅልፉ እየተነሳ አደረሰው። ኢድሪስ ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት «ተወው፣ ስለ ማውዘር እናውራ» ይለዋል። እንዲህ ሲባባሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ኢድሪስ ስለ ማውዘር ያልሰማው ነገር የለም፤ ምስጋናው ግን ጉሮሮው ላይ ተቀርቅሮ ቀረ።

ይህ የእሱ ብቻ በሽታ መሰላችሁ? ሁላችንም እንዲሁ ነን። ሰው በሕይወት ሳለ አንደበታችን ይታሰራል፤ ሲሞት ድንኳን ጥለን ደግነቱን ስንዘረዝር እናመሻለን። ለሬሳ ምን ሊጠቅመው!

አምና የዌንዴል ሳንባ ሲደክም፣ ከሁሉ አብልጦ የሚወዳትን ማውዘር፣ ቁጥር 117ን፣ ለኢድሪስ ሰጠው፤ ሌሎች ሰብሳቢዎች ሽጥልን ቢሉም ኢድሪስ እሺ አላለም። ዘንድሮ ደግሞ ሴት ልጁ ኮል አደረገች። «ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርግለት የለም፣ እዚያው ቤቱ ይረፍ ብለዋል። ማውዘሯን አንዴ ልያዛት ይላል። እሁድ ይዘህለት ና።»

ኢድሪስ ገባው፤ እሁድ ካልተናገረ መቼም አይናገርም።

ቅዳሜ ከሥራ ሲገባ ሚስቱ ዘኪያ ፈገግ ብላ ጠበቀችው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ፣ ፎጣው ላይ ማውዘሯ። እንደ አዲስ ማንኪያ ታበራለች።

«ምን አደረግሽ?»

«አጸዳኋታ! ቆሻሻው አልለቅ ቢለኝ በድስት መፈተጊያ ሽቦ ነው ያነሳሁት። እጄ አለቀ ወላሂ። ለታመመ ሰው እንዲያ የጠቆረ ነገር ይዘህ ልትሄድ ነበር?»

ልጃቸው መሊካ ከደረጃው አየችና «ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ!» ብላ ተመልሳ ወጣች።

ኢድሪስ ቁጭ አለ። በአገራቸው የተዋሱትን ሰታቴ እንኳ ከወሰዱት አሳምረው ነው የሚመልሱት፤ ለበሽተኛ የሚወሰድማ! ዘኪያ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ያውቃል። ማወቁ ግን ንዴቱን አላበረደለትም።

«ሰውዬው አርባ ዓመት የጠበቃትን በአንድ ቀን አጠፋሽበት።»

ፈገግታዋ ከፊቷ ወረደ። «እንግዲያ እኔም እመጣለሁ። ያጠፋሁት እኔ፣ የምነግረው እኔ።»

«ዓይኑ እኮ ደክሟል። ዝም ብንል...»

«ሊሞት የደረሰ ሰው ልታታልል? አንተ ሰው፣ አላህን ፍራ!»

እሁድ አብረው ሄዱ። ዌንዴል ሳሎን በተዘረጋለት አልጋ ላይ፣ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎለት ተቀምጧል። ማውዘሯን ተቀበለ። አውራ ጣቱ ብረቱ ላይ ሄደ፣ ሄደና ቆመ።

«ይቺ የኔ አይደለችም።»

ዘኪያ ወደ አልጋው ጠጋ ብላ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ «ጋሼ ዌንዴል፣ የርስዎ ናት» አለች። «እኔ ነኝ የፈተግኋት። ለታመመ ሰው የቆሸሸ ነገር አይወሰድም ብዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

የሽማግሌው ፊት ቀላ። «አርባ ዓመት» አለ፤ «አርባ ዓመት ማንንም አላስነካሁም!» ጣቱ ግን ፍለጋውን አላቆመም፤ የተመታውን ቁጥር አገኘው። አንድ፣ አንድ፣ ሰባት። ጥልቅ ስለሆነ ሽቦው አልበላውም።

«ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?»

«ከጠዋት እስከ ዙህር ሶላት።»

ዌንዴል መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። «የኔዋ ሚስት ብትሆን ዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ነበር የምትከታት! ኢድሪስ፣ እነዚያ ሽጥልን እያሉ የሚነዘንዙህ ሰዎች ከእንግዲህ ሲያዩዋት ያለቅሳሉ እንጂ አይገዟትም። አሁን ገና ያንተ ሆነች።»

«ዌንዴል፣ ያን ጊዜ ያደረግህልኝ...»

«ተወው፣ ስለ ማውዘር...»

«ዛሬስ ይሰሙታል!» አለች ዘኪያ፣ ልጇን እንደምትቆጣ ሁሉ።

ዌንዴል ማውዘሯን ጭኑ ላይ አኖረ። ኢድሪስም ተናገረ። አንድ ቀን ቢቀር መጋዘኑ ያባርረው እንደነበረ፣ በዚያ ሥራ የቪዛ ወረቀት አስገብቶ ዘኪያን እንዳመጣ፣ መሊካ እዚህ የተወለደችው፣ ይህ ሁሉ ጎጆ የቆመው በእሱ የንጋት መንቃት እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረው። መጨረሻ ላይ «አመሰግንሃለሁ» አለ፤ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳመሰግንህ ነው የኖርኩት።»

ሽማግሌው ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እሺ» አለ። «ተቀብያለሁ።»