ከኮቱ ስር ያለው ሽርጥ

አዋሽ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ በሠራሁበት ዘመን ከእኛ ቤት ኮት ሳይለብስ የወጣ ወንድ አልነበረም። ኮቱ አንድ ነው፤ ጥቁር፣ ከነከረባቱ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ። ሙቀቱ ሰውን በካናቴራ የሚያስውል ከተማ ስለሆነ ደንበኛውን እንደመጣ እናነሳዋለን፤ ከዚያ የቤቱ ባለቤት በማውዝ ኮቱን ጎትቶ ትከሻው ላይ ይጥልለታል። በኋላ ሰመራ ሄጄ ባነር ቤት ስቀጠር በየመታወቂያው ላይ ያንኑ ኮት አገኘሁት። የከተማው ወንድ ሁሉ አንድ ኮት እየተዋዋሰ የሚለብስ ይመስል ነበር።

አንድ ቀን በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራ ሴት ወደ ባነር ቤቱ ገባች። ከቦርሳዋ በፍሬም የተያዘ ፎቶ አወጣች፦ አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆች፣ ከኋላቸው ፏፏቴ። ኮቱን ሳይ የእኛ ቤት ሥራ መሆኑን አወቅኩ።

«አዋሽ ነው የተነሳነው። ትንሿ እኔ ነኝ» አለች። «ኮቱን ልታወልቂልኝ ትችያለሽ?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

አባቷ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። የቀራቸው ፎቶ ይህ ብቻ ነው። እናቷ አሁን ማስታወስ እየተሳናት፣ በር በሩን እያየች «መኪናው ሰርዶ ከተማ ደረሰ?» ማለት አብዝታለች። ፎቶውን ሲያሳዩአት ግን ትቆጣለች።

«"ይሄ የየትኛው ቢሮ ኃላፊ ነው? የእኔን ሰውዬ አምጡ" ትለኛለች። ልክ ናት። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ኮት ለብሶ አያውቅም። ሽርጥና ካናቴራ ነበር ልብሱ።»

ታትሞ የወጣ ፎቶ ኮቱን አይለቅም። ፋይሉ ግን ሌላ ነው። ፎቶ ሲቀናበር ሁሉም ነገር ለየብቻው፣ እንደ ግልጽ ላስቲክ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይነጠፋል፤ ፏፏቴው ከታች፣ ሰዎቹ በላዩ፣ ኮቱ ከሁሉም በላይ። ሌየር እንለዋለን። ሌየሮቹ ሳይዋሃዱ ከተቀመጡ ኮቱን አንስቶ ሰውየውን ማግኘት ይቻላል። ከአዋሽ ስወጣ የቤቱን ሥራዎች በሃርድ ዲስክ ገልብጬ ስለነበር «ተቀመጪ» አልኳት። ፋይሉን «ሹፌሮች» ከሚለው ፎልደር አገኘሁት። የሰመራው ፕሮግራም ግን አዲስ ነው፤ ያ አሮጌ ፕሮግራም ያስቀመጠውን ማንበብ አልቻለም። ከኢንተርኔት ሌሎች አወረድኩ። አንዱ እምቢ አለኝ፤ ሌላው ከፍቶ ግራጫ ገጽ አሳየኝ።

«ቀረ በያ» አለች።

«አልቀረም» አልኳት። በምን እርግጠኛ እንደሆንኩ አላውቅም። ግጥም ስጽፍ የሰረዝኩትን ስንኝ ቀድጄ አልጥልም፤ አንዳንዴ የሚሻለው ከስር ያለው ነው። ምናልባት ከዚያ ልማድ ይሆናል።

ያ አሮጌ ፕሮግራም ያለበትን ኮምፒውተር ፍለጋ ቅዳሜ በሚኒባስ አዋሽ ወረድኩ። ባለቤቱ፣ ጋሼ የምለው፣ ከደጅ ጥላ ስር ተቀምጦ ነበር።

«ገጣሚዋ መጣች» አለ። «ሰመራ ግጥም ይታተማል?»

«ባነር ላይ ይታተማል።»

«በሜትር?»

«በሜትር።»

የፎቶ ማንሻው መጋረጃ ማቆሚያ እንዳይወድቅ አሮጌውን ኮምፒውተር ተደግፎ ነበር። አቧራው ከላዩ ሌላ ክዳን ሠርቷል።

«ተይው፣ ይተኛ» አለ ጋሼ። «እንዲህ ያለው የሚሞተው ሲቀሰቅሱት ነው።»

ፎቶውን ሰጠሁት። የሴትዮዋን ነገርም ነገርኩት። የፈራሁት እሱ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ሌየሮቹን አዋህዶ እንደሆነ ነው፤ ያኔ ማሽኑ ቢነሳም ከኮቱ ስር ምንም የለም።

ፎቶውን አይቶ ሳቅ አለ። «ይሄማ በመጣ ቁጥር ልጅ ያስጨምር የነበረው ነው። ትንሿን ያመጣት በመጨረሻ ነው። የሌላውን ሰው ሁሉ አዋህደዋለሁ፤ የሹፌር ፎቶ ግን አይዋሃድም። ሹፌር ቤተሰቡን ባንድ ቀን አይሰበስብም። ሄዶ ይመለሳል፣ ሲመለስ ደግሞ አንድ ተወልዶ ይጠብቀዋል።»

ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ነው ብሩሹን ያመጣው። አቧራውን ጠረግን፣ የጎን ክዳኑን አወለቅን፣ ሰካነው። ጭኖ ዳገት እንደሚወጣ ተሳቢ እያጓራ ተነሳ። እኔ በካርቶን አራግብለታለሁ፤ ጋሼ ፋይሉን ከፈተ። ከኮቱ ስም አጠገብ ያለችውን የዓይን ምልክት ጫን ሲላት ኮቱ ጠፋ።

ሰውየው እዚያ ነበር። ባለመስመር ሽርጥ፣ አንገቱ የለጠጠ ካናቴራ፣ ወገቡ ላይ የተንጠለጠለ ቁልፍ። ትከሻው ከኮቱ ትከሻ የጠበበ ነው። ግራ ክንዱ ከቀኙ ይልቅ ጠቁሯል፤ እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ እስከ ገላፊ፣ በመስኮት በኩል ፀሐይ የመታው ክንድ።

«ይሄንን እጅ አስታውሰዋለሁ» አለ ጋሼ፣ ቀስ ብሎ።

ሁሉንም ለየብቻ፣ ማንኛውም ስልክ በሚከፍተው ተራ ምስል አድርገን አወጣናቸው፤ አባትየውን ብቻውን፣ እናትየውን ብቻዋን፣ ልጆቹን አንድ በአንድ፣ ኮቱንም ሳይቀር። ማሽኑ እስከ መጨረሻው እያጓራ ታገሰን።

ሰመራ ላይ አትሜ ከሴትዮዋ ጋር ቤታቸው ሄድኩ። እናትየዋ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ጣታቸው በጠቆረው ክንድ ላይ ሄዶ ሽርጡ ላይ ቆመ።

«እኔ ነኝ የገዛሁለት» አሉ። «የመኪና ግራሶ አታስነካው ብዬው ነበር።» ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። «ምሳ በላ?»

«በላ፣ እማ።»

ፎቶውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሩን ማየት ተዉ።

አሁን ሲመቸኝ ቅዳሜ ቅዳሜ አዋሽ እወርዳለሁ። የሹፌሮቹን ፎልደር እየከፈትን፣ እያራገብን፣ ፎቶዎቹን እናወጣለን። «ነገ ደግሞ ይሄንንም የማያነብ ፕሮግራም ይመጣል» ይላል ጋሼ። «ያኔ ደግሞ እንገለብጣለን» እለዋለሁ።

ባለፈው አንድ ወጣት ሹፌር ለመታወቂያ ሊነሳ መጣ። ጋሼ ማውዙን ወደ ኮቱ ወስዶ ቆመ።

«ኮት ላድርግልህ ወይስ እንዳለህ ይሁን?»

«ምን ነካህ ጋሼ፣ ኮት አድርግልኝ እንጂ። ሰው ልምሰል።»

ኮቱን ጣለለት። ፋይሉን ግን ሳያዋህድ አስቀመጠው።